እሺና እምቢ፤ በገጸ ባሕርይ ጨዋታ ውስጥ ንግግርና ፍቅር እንዴት ይመራሉ?

ቅዳሜ ማታ በየመኝታ ቤቱ ጠረጴዛ ከበው፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ የሚከራከሩ ተማሪዎች እንዳሉ የማያውቅ ያለ አይመስለንም። ጎረቤቶቻቸው ለፈተና የሚዘጋጁ ይመስላቸው ይሆናል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚጫወቱት በአሜሪካ ከተፈጠረ ከ50 ዓመት በላይ የሆነውን፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ «የገጸ ባሕርይ ጨዋታ» የምንለውን ነው።

ጨዋታውን ላላዩት አንባብያን ባጭሩ እናስረዳ። ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆናል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አንዱ ወታደር፣ አንዷ ሐኪም፣ አንዱ ሌባ ይሆናል። መሪው «ከከተማው በር ደርሳችኋል፤ ዘበኛው ጦሩን አጋድሞ መንገድ ዘጋባችሁ» ሲል፣ ተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርያቸው የሚያደርገውንና የሚናገረውን ይናገራሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል፤ የወጣውም ቊጥር የሆነውን ይወስናል። መድረክ የለውም፤ አስቀድሞ የተጻፈ ቃለ ተውኔትም የለውም። ደራሲዎቹም ተዋንያኑም ተመልካቾቹም እነዚያው ጠረጴዛውን የከበቡት አራት ወይም አምስት ሰዎች ናቸው።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ጦርነት መምራት ቀላል ነው። ሰይፍ ይመዘዛል፣ ዳይስ ይጣላል፣ የተመታው ይወድቃል። ችግሩ የሚመጣው ሰይፉ ወደ አፎቱ ሲመለስ ነው። አንዱ ነጋዴውን ለማባበል፣ ሌላው ሁለት ባላንጣዎችን ለማስታረቅ፣ ሦስተኛው ደግሞ የባላባቱን ልጅ ለመውደድ ሲነሣ ጠረጴዛው ዝም ይላል። አንዱ ያፍራል፤ አንዱ ይስቃል፤ አንዱም «ዳይሱን ጥለን እንገላገል» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለውን ትዕይንት እንዴት መምራት እንደሚቻል ማስረዳት ነው። ሐሳባችንም ባጭሩ ይህ ነው፤ የንግግርም ሆነ የፍቅር ትዕይንት ሕይወት የሚኖረው «እምቢ» ማለት በውነት ሲቻል ብቻ ነው። ይህም በሁለት ቦታ መቻል አለበት፤ በጨዋታው ዓለም ውስጥ ለገጸ ባሕርይው፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ደግሞ ለተጫዋቹ። ሁለቱን የሚያደባልቅ መሪ ጨዋታውንም ባልንጀርነቱንም ያበላሻል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ታሪኩ መመለስ ይጠቅማል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በ1969 ዴቪድ ዌስሊ የሚባል አሜሪካዊ በሚኒሶታ ግዛት የጦርነት ጨዋታ ከሚጫወቱ ባልንጀሮቹ ጋር አንድ ሙከራ አደረገ። የዚህ ዓይነት ተጫዋቾች ልማድ ትንንሽ የወታደር ምስሎችን በጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ያለፈ ዘመን ጦርነቶችን መዋጋት ነበር። ዌስሊ ግን በናፖሌዎን ዘመን የምትገኝ ብራውንስታይን የምትባል የጀርመን ከተማ በሐሳቡ ፈጠረና፣ ከጦር አዛዦቹ ሌላ ለተጫዋቾቹ የከተማ ሰው ድርሻ ሰጣቸው፤ አንዱን ከንቲባ፣ አንዱን ባለ ባንክ፣ አንዱን የዩኒቨርሲቲ አለቃ አደረገ። ያሰበው ጦርነት ነበር፤ ተጫዋቾቹ ግን በየራሳቸው ጉዳይ ገቡ። ሁለቱ ተጣልተው «ይዋጣልን» ሲባባሉ፣ ለዚህ የሚሆን ደንብ ስላልነበረው እዚያው ተቀምጦ መፍጠር ግድ ሆነበት። ዌስሊ ሙከራው የከሸፈ መስሎት ነበር፤ ባልንጀሮቹ ግን ይደገም አሉት። እንግዲህ ይህ ጨዋታ የተወለደው ከጦርነት ብቻ አይደለም፤ ሰውና ሰው ፊት ለፊት ቆመው ሲነጋገሩ ከተፈጠረ ጠብም ነው ለማለት ይቻላል።

ከዌስሊ ባልንጀሮች አንዱ የነበረው ዴቭ አርነሰን ይህን ሐሳብ ይዞ ቀጠለ፤ በኋላም ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖ በ1974 ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን ጨዋታ ለሕዝብ አቀረበ። የመጀመሪያው እትም በአንድ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ 3 ትንንሽ መጻሕፍት ነበሩት። በዚያ ደንብ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ 6 ችሎታዎች አሉት፤ እነሱም 3 ዳይስ ተጥሎ ከ3 እስከ 18 በሚደርስ ቊጥር ይለካሉ። ከስድስቱ አንዱ በእኛ ቋንቋ «ግርማ ሞገስ» ልንለው የምንችለው ነው። መጽሐፉ ለግርማ ሞገስ ከሰጠው ጥቅም አንዱ ያስቃል፤ ጠንቋይት የማረከችውን ሰው ወደ አሳማነት ትለውጠው ወይስ አፍዝዛ ፍቅረኛዋ ታድርገው የሚለውን ለመወሰን ያገለግላል ይላል። የሆሜርን ኦዲሴ ያነበበ ሁሉ ኪርኬን ማስታወሱ አይቀርም። ልብ በሉ፤ በዚህ ስፍራ የፍቅር ስም ሲነሣ ሰውየው ምንም ምርጫ የለውም። አሳማም ቢሆን ፍቅረኛም ቢሆን ሌላ ወስኖለታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጨዋታዎች የደከሙት ይህን እምቢታ ለሰውየው ለመመለስ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በዚያው መጽሐፍ ግን ሌላ፣ እስከ ዛሬ የሚጠቅም ነገር አለ። ተጫዋቾቹ ለማያውቁት ፍጡር «ና፣ ከእኛ ጋር ሁን» የሚል ሐሳብ ሲያቀርቡለት እንዴት እንደሚቀበላቸው ለመወሰን መሪው 2 ዳይስ ይጥላል። 2 ከወጣ ሊገድላቸው ይነሣል፤ ከ3 እስከ 5 ከሆነ ይጠላቸዋል፤ ከ6 እስከ 8 ከሆነ ያመነታል፤ ከ9 እስከ 11 ከሆነ ሐሳባቸውን ይቀበላል፤ 12 ከሆነ ደግሞ በሙሉ ልቡ ይከተላቸዋል። አሁን እናስላ። ሁለት ዳይስ ሲጣሉ ሊወጡ የሚችሉት ጥምሮች 36 ናቸው። 2 የሚወጣው በ1 ጥምር ብቻ ነው፤ 12ም እንዲሁ። ጥላቻው 9፣ መቀበሉም 9 ጥምሮች አሉት። ማመንታቱ ግን 16 አለው። ይኸውም ከሁሉ የሚበዛው ዕድል ያ እንግዳ ሰው ገና ያልወሰነ መሆኑ ነው። ያልወሰነ ሰው ደግሞ ሊነጋገሩት የሚገባ ሰው ነው። የመልካም መሪ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ዳይሱ ንግግሩን የሚዘጋ ሳይሆን የሚከፍት ይሁን።

ታዲያ ያልወሰነውን ሰው መሪው እንዴት ያናግር? እንደ እኛ አስተያየት ከጨዋታው በፊት ለያንዳንዱ ዋና ሰው ሦስት ነገር ብቻ በወረቀት ጽፎ መያዝ ይበቃል፤ የሚፈልገውን፣ የሚፈራውን፣ ምንም ቢሰጠው የማይለቀውን። ረጅም የሕይወት ታሪክ መጻፍ አያስፈልግም። ለምሳሌ የተከበበች ከተማ አለች እንበል፤ ሕዝቡ ተርቧል፤ ጌታው ሸሽተዋል፤ የጎተራው ቊልፍ በአንዲት አሮጊት እጅ ነው። የሴትዮዋ ፍላጎት በወህኒ ያለ ልጃቸውን ማየት ነው። ፍርሃታቸው ጌታቸው ሲመለሱ ከሃዲ መባል ነው። የማይለቁት ደግሞ ለከርሞ የሚዘራውን ዘር ነው። አንድ ወጣት ወታደር የያዘ ተጫዋች ሊለምናቸው ቀረበ።

«እሜቴ፣ ሕዝቡ በረኀብ አለቀ፤ ጎተራውን ይክፈቱልን።»

«መራቡን እኔም አይቻለሁ፣ ልጄ። ቊልፉ ግን የጌታዬ ነው።»

«ጌታዎ እኮ ሸሽተዋል።»

«የሸሸ ይመለሳል። ሲመለሱ የሚጠይቁት አንተን አይደለም፤ እኔን ነው።»

«እንግዲያው ምን ይሻላል ይላሉ?»

«በወህኒ ያለ ልጅ አለኝ። እሱን ሳላይ ስለ እህል አንነጋገርም። ዘሩን ግን ልጄም ቢፈታ አልሰጥም፤ ዘር ከተበላ ለከርሞ ምን ይዘራል?»

እዚህ ላይ አሮጊቷ ሦስት ጊዜ እምቢ ብለዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ እምቢታ አንድ ነገር ሰጥቷል። የመጀመሪያው ለማን እንደሚታመኑ፣ ሁለተኛው ምን እንደሚፈሩ፣ ሦስተኛው በምን በር ሊገባባቸው እንደሚቻልና የትኛው በር ፈጽሞ እንደማይከፈት ነገረን። ባዶ እምቢታ ግድግዳ ነው፤ ምክንያት ያለው እምቢታ ግን መንገድ ያሳያል። መሪው «አይ፣ አትሰጥህም» ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ተጫዋቾቹ የሚቀራቸው በሩን መስበር ብቻ ነበር። አሁን ግን ወህኒ ቤቱን የሚያስቡ ሆኑ፤ ጨዋታውም ወደፊት ሄደ።

ዳይሱስ መቼ ይጣል? በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ ሰምተናል። አንደኛው ወገን «ንግግር ከሆነ ይነጋገሩ፤ ዳይስ ምን ያደርጋል?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «አንደበተ ርቱዕ ያልሆነው ተጫዋች ምን ይሁን?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ብርቱ ምክንያት አለው። ጀግና የያዘ ተጫዋች ጉልበቱን ለማሳየት ወንበር እንዲያነሣ የሚጠይቀው የለም፤ ታዲያ አፈ ጮሌ ገጸ ባሕርይ የያዘ ዝምተኛ ልጅ ስለምን እንደ ጠበቃ ይናገር ይባላል? ስለዚህ ተጫዋቹ ቃሉን ራሱ መናገር ካልፈለገ «ገጸ ባሕርዬ አባቱ ከሳቸው አባት ጋር አብረው መዝመታቸውን እያስታወሰ ይለምናቸዋል» ብሎ በሦስተኛ ሰው ቢናገር ይበቃል። የሚያስፈልገው ያማረ ቃል አይደለም። የሚያስፈልገው ምን እንደሚጠይቅ፣ በምን ምክንያት እንደሚጠይቅና በለውጡ ምን እንደሚሰጥ መታወቁ ነው። ይህ ከታወቀ በኋላ መሪው ራሱን ይጠይቅ፤ «የተጠየቀው ሰው በርግጥ እሺ ይላልን?» በርግጥ እሺ የሚል ከሆነ ዳይስ አያስፈልግም። በርግጥ እምቢ የሚል ከሆነም አያስፈልግም። የሚያጠራጥር ሲሆን ብቻ ይጣል።

ዳይስም ወሰን ሊኖረው ይገባል። ከፍተኛ ቊጥር የወጣለት ሁሉ ንጉሡን ዘውድህን አውልቀህ ስጠኝ ብሎ የሚያገኝ ከሆነ፣ ንግግር ሳይሆን አስማት ሆኗል ማለት ነው። የዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የ2014 እትም ለመሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ ይህን አስተውሎታል። ሰዎችን ወዳጅ፣ ግድ የሌለውና ጠላት ብሎ በሦስት ይከፍላል፤ ጠላት የሆነው ሰው ዳይሱ እጅግ መልካም ቢወጣ እንኳ የተጠየቀውን የሚፈጽመው አደጋም መሥዋዕትነትም የሌለበት ከሆነ ብቻ ነው። አደጋ የሚሸከምልህ ወዳጅህ ነው። ስለዚህ አስቀድመህ ወዳጅ አድርገው፤ ይህም ጊዜ ይፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ፍቅር እንለፍ። ፍቅር ከሌላው ንግግር የሚለየው የሚጠየቀው ነገር ራሱ ሰውየው በመሆኑ ነው። እህል ቢጠየቁ እህል ይሰጣሉ፤ ልብ ቢጠየቁ ግን ምን ይሰጣል? ጨዋታ ፈጣሪዎች ለዚህ የሰጡት መልስ ልዩ ልዩ ነው። ግሬግ ስታፎርድ በ1985 ስለ ንጉሥ አርተርና ስለ ፈረሰኞቹ ባወጣው ፔንድራገን በሚባለው ጨዋታ የሰውን ጠባይ በ13 ጥንዶች ከፈለው። የያንዳንዱ ጥንድ ድምር 20 ነው፤ የአንድ ፈረሰኛ ንጽሕና 13 ከሆነ ፍትወቱ 7 ይሆናል። ፈተና ሲመጣ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል። ተጫዋቹ «የኔ ፈረሰኛ ከቶ አይፈተንም» ቢል እንኳ ዳይሱ ሊፈርድበት ይችላል። ፍቅርና ታማኝነት፣ ጥላቻም ሳይቀር በቊጥር ይያዛሉ፤ ለሰውየው ኃይል ይሰጡታል፤ ሲከዱትም ያሳብዱታል። ስታፎርድ ያየው እውነት አለ፤ ሰው የገዛ ልቡ ጌታ አይደለም።

ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ልብ ጌታውን ካልሰማ እጅና እግርስ? ካናዳዊቷ ኤቨሪ አልደር በ2012 ባወጣችው ሞንስተርሃርትስ በሚባለው ስለ ጎረምሶች በሚያወሳ ጨዋታ ጥሩ መልስ ተገኝቷል። በዚያ ጨዋታ አንዱ ሌላውን ሲማርክ ዳይሱ የሚወስነው ስሜቱን ነው፤ ልቡ መደንገጡን ተጫዋቹ አይመርጥም። ልቡ ከደነገጠ በኋላ ግን ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ሊከተል ይችላል፤ ሊሸሽም፣ ሊቈጣም ይችላል። በእኛ አስተያየት ይህ ልዩነት ለማንኛውም ጨዋታ የሚያገለግል ሕግ ነው። ዳይሱ «ወደድሃት» ሊል ይችላል፤ «እሺ አልካት» ግን አይበል። እሺና እምቢ የተጫዋቹ ናቸው።

ሌሎች ደግሞ ፍቅርን ብቻ የጨዋታው ርእስ ያደረጉ አሉ። ኤሚሊ ኬር ቦስ በ2005 ያወጣችው ብሬኪንግ ዘ አይስ ለሁለት ተጫዋቾች የተሠራ ሲሆን፣ ጨዋታው የሁለት ሰዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀጠሮዎች ናቸው። ከመጀመራቸው በፊት ተጫዋቾቹ በመካከላቸው ያለ አንድ ልዩነት መርጠው ይለዋወጡታል፤ ወንድና ሴት ከሆኑ ለምሳሌ ወንዱ ሴቲቱን፣ ሴቷ ወንዱን ይጫወታሉ። ከሦስተኛው ቀጠሮ በኋላ ይቀጥሉ ወይም ይለያዩ የሚለውን ይወስናሉ። አሌክስ ሮበርትስ በ2019 ያወጣችው ስታር ክሮስድ ደግሞ በዳይስ ፋንታ ከትንንሽ እንጨቶች የተካበ ግንብ ይጠቀማል። ሁለቱ ሰዎች ይዋደዳሉ፤ ነገር ግን መዋደዳቸውን በሥራ መግለጥ የለባቸውም። ሲቀራረቡ እንጨት እየመዘዙ ወደ ላይ ይጨምራሉ፤ ግንቡ ሲወድቅ ምስጢሩ ይወጣል። እጁ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሰው ስለ ፍቅር ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነገር አለ። በፍቅር ትዕይንት ውስጥ ጣዕሙ ያለው ከመድረሱ ላይ አይደለም፤ ሊደርስም ሊቀርም በሚችልበት በመካከሉ ጊዜ ነው።

ይህንኑ በተራ ጨዋታ ውስጥ ለማግኘት ሦስት ቀላል ምክር እንሰጣለን። አንደኛ፤ ለሁለቱ ሰዎች የሚሠራ ነገር ስጧቸው። ፊት ለፊት ተቀምጠው «ውደጂኝ»፣ «እወድሃለሁ» ከሚባባሉ፣ እሷ ቊስሉን ስታስር፣ እሱም ቡና ሲወቅጥ ይነጋገሩ። ለሰምና ወርቅ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አፍ ስለ ቡናው ሲናገር ልብ ስለ ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል። ሁለተኛ፤ ትዕይንቱን ሳይሞላ ቊረጡት። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ የሚቀጥለው ሳምንት አለ። ሦስተኛ፤ የቀሩትን ተጫዋቾች ሥራ አታስፈቱ። ሁለቱ ሲዋደዱ ሦስቱ ጣራ የሚቈጥሩ ከሆነ ጨዋታው ሞቷል።

ለዚህ ለሦስተኛው ነገር የአገራችን ልማድ ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ ትዕይንት ያቀርብልናል፤ ይኸውም ሽምግልና ነው። ጠረጴዛው ላይ አምስት ሰዎች አሉ እንበል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ይሆናሉ፤ መሪው የልጅቷን አባት ይይዛል፤ አንድ ተጫዋች ደግሞ ልጅቷን። የወደደው ሰው እዚያ የለም፤ ተጫዋቹ ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኖ ስለራሱ ገጸ ባሕርይ በሌላ ሰው አፍ ይለምናል። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። አባትየው ወዲያው እሺ አይሉም፤ «መክረን እናሳውቃችሁ» ብለው ቀን ይቀጥራሉ። ሙያው ይጠየቃል፤ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል። ቈጠራው ዝምድና ቢያወጣስ? ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከአባትየው ጋር የቆየ የመሬት ክርክር ቢኖረውስ? ሁሉም የሚናገረውና የሚጠነቀቅለት ነገር አለው። እምቢታና መዘግየት በሥርዓቱ ውስጥ ስላሉ መሪው አዲስ ደንብ መፍጠር አያስፈልገውም።

ነገር ግን በጨዋታው ውስጥ አንድ ነገር ከጥንቱ ልማድ ይለያል፤ ሊለይም ይገባል። በብዙ ቤት ልጅቷ የምትጠየቀው መጨረሻ ላይ ነበር፤ ጭራሽ ሳትጠየቅ የተዳረችም ብዙ ናት። በእኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ልጅቷን የያዘ ሰው አለ። ያ ሰው ድምፅ አለው፤ ወረቀቱም ላይ የሚፈልገው፣ የሚፈራውና የማይለቀው ተጽፏል። አባትየው እሺ ካሉ በኋላ መሪው ወደዚያ ተጫዋች ዞሮ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲል ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። የምሽቱ ትልቁ ጊዜ ይህ ነው። ያን ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚያልፍ መሪ ልጅቷን እንደ ጎተራው እህል ቈጥሯታል ማለት ነው። የሚጠይቅ መሪ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ከጨዋታው ሲነሣ ይዞት የሚሄደውን ጥያቄ አነሣ።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ገጸ ባሕርይው እምቢታ ነው። ስለ ተጫዋቹ እምቢታ ደግሞ በግልጽ መናገር አለብን፤ በተማሪ ቤት ይህ የሚያስከፍለው ዋጋ እውነተኛ ነውና። አንድ ተማሪ ለአንዲት ተማሪ በውን ሊነግራት የፈራውን በገጸ ባሕርይው አፍ ሲነግራት አይተናል። ብትስቅ እሺ ያለች ይመስለዋል፤ ብትቈጣ «ጨዋታ እኮ ነው» ይላታል። በዚህ ዓይነት እምቢ የምትልበትን ሁለቱንም በር ይዘጋባታል። በውን እምቢ እንዳትል በውን አልተጠየቀችም፤ በጨዋታው እምቢ ብትል ደግሞ ጨዋታ አበላሸች ትባላለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበሯ ባዶ ይሆናል። የቀሩትም «ሴቶች ይህን ጨዋታ አይወዱትም» ብለው ይደመድማሉ። ጨዋታውን ጠልታ አልሄደችም፤ የሄደችው ምርጫ አጥታ ነው።

ስሜት ከተጫዋቹ ወደ ገጸ ባሕርይው፣ ከገጸ ባሕርይውም ወደ ተጫዋቹ መስረጉ ግን ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ልብ የሚነካ ጨዋታ ሁሉ ጥቂት ይሰርጋል። ተውኔት አይቶ ያለቀሰ ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ መፍትሔው ስሜትን መከልከል ሳይሆን መውጫውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ሮን ኤድዋርድስ የሚባል ጨዋታ ፈጣሪ በ2003 «መስመር» እና «መጋረጃ» የሚባሉ ሁለት ቃላት ለጨዋታው ሰጠ። መስመር ማለት በጨዋታችን ውስጥ ፈጽሞ የማይገባ ነገር ነው። መጋረጃ ማለት ደግሞ ሊሆን የሚችል፣ ነገር ግን በፊታችን የማይታይ ነው፤ በሩ ይዘጋል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ትዕይንቱ ወደ ማግሥቱ ጧት ይዘላል። ጨዋታው ሳይጀመር ዐሥር ደቂቃ ተቀምጦ «ምን መስመር ይሁን? ምን ከመጋረጃ በስተጀርባ ይሁን?» ብሎ መነጋገር ከብዙ ጣጣ ያድናል። ከዚህም ሌላ ጆን ስታቭሮፖሎስ የሚባል ሰው ያስተዋወቀው ዘዴ አለ። የኤክስ ፊደል የተጻፈበት ካርድ በጠረጴዛው መካከል ይቀመጣል፤ አንድ ነገር ያስጨነቀው ሰው ካርዱን ይነካል። ያን ጊዜ ነገሩ ይወጣል፤ ምክንያትም አይጠየቅም። ምክንያት አለመጠየቁ ዋና ነገር ነው፤ በሰው ፊት ማብራሪያ የሚጠየቅበት እምቢታ ግማሽ እምቢታ ነውና።

«እንዲህ ያለ ነገር ጨዋታውን ያቀዘቅዘዋል» የሚሉ ባልንጀሮች አሉን። አስተያየታቸውን አንንቀውም፤ ስለ ፍቅር በዝርዝር ተዋውሎ መነሣት እንደ ቤት ኪራይ ውል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እኛ የታዘብነው ተቃራኒውን ነው። ሰው በማንኛውም ጊዜ መውጣት እንደሚችል ካወቀ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መውጫው ካልታየው ግን በሩ አጠገብ ይቆማል፤ ይቀልዳል፣ ይስቃል፣ ነገሩን ያራክሰዋል። በፍቅር ትዕይንት ላይ የሚሰማው ያ ሁሉ ሳቅ ብዙውን ጊዜ የፍርሃት ሳቅ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የተሰጠ እሺታ ለዚህ ሳምንት አይበቃም፤ መሪው እንደገና ይጠይቅ። ሁለት ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያቸውን ለማዋደድ ሲያስቡ በመጀመሪያ እንደ ባልንጀራ፣ በገዛ ስማቸው ተጠራርተው ይነጋገሩ። በውን የሚወድ ሰው ካለም በውን ይናገር፤ ጨዋታውን ደብዳቤ አመላላሽ አያድርገው። መሪው ራሱ ተወዳጁን ሰው የሚጫወት ከሆነ ያን ሰው የጀግንነት ሽልማት አያድርገው፤ ዘንዶ ገድሎ ለመጣ ሁሉ እሺ የምትል ልጅ እሺታዋ ምንም አይመዝንም።

ከገጸ ባሕርይ ጨዋታ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው እንላለን። በየቀኑ ከመምህር፣ ከወላጅ፣ ከባልንጀራ፣ ከምንወደው ሰው ጋር ስንነጋገር እምቢታን እንፈራለን፤ ስለምንፈራም ብዙ ጊዜ አንጠይቅም፤ ወይም እምቢ ሊባል በማይችል መንገድ እንጠይቃለን። ጠረጴዛው ግን ይህን በትንሽ ዋጋ የምንለማመድበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ አጥርቶ መጠየቅን፣ እምቢ ሲባሉ ምክንያቱን ማዳመጥን፣ እምቢ ሲሉም ሳይሳደቡ መናገርን እንማራለን። በሚመጣው ቅዳሜ ዳይስ የሚጥሉ ሁሉ ከጦርነቱ መካከል ጥቂት ደቂቃ ወስደው ይሞክሩት። ለሚያገኙት ሰው ሦስቱን ነገሮች ይጻፉለት፤ ይጠይቁት፤ ከዚያም መልሱን በውነት ይጠብቁ።